በርገር ላይ እንቁላል፣ ቋንጣና ቀይ ሥር፦ አደራረቡ ከነልኩ

አዲስ አበባ ውስጥ “ስፔሻል በርገር” ሲባል ብዙውን ጊዜ እንቁላል አለበት ማለት ነው። ቤት ውስጥ ሲሞከር ግን እንቁላሉ ከሥጋው ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል፣ አስኳሉ እጅ ላይ ይፈስሳል፣ የታችኛው ዳቦ ርሶ ይበጠሳል። እንቁላልና በርገር ሳይስማሙ ቀርተው አይደለም። ሌላው ነገር ሁሉ እንዳለ ሆኖ እንቁላል በላዩ ስለሚጨመርበት ነው።

በርገር ላይ የሚደረብ ነገር ሁሉ ወይ ቅባት፣ ወይ ውኃ፣ ወይ ጨው፣ ወይ ኩርሽም የሚል ነገር ይዞ ይመጣል። ሥጋው፣ ቺዙና ማዮኔዙ ቅባቱን አስቀድመው ሰጥተዋል። እንቁላል ሲገባ ከሦስቱ አንዱ መውጣት አለበት፤ መውጣት ያለበትም ማዮኔዙ ነው። ማዮኔዝ ራሱ የሚሠራው ከአስኳልና ከዘይት ነው፤ በከፊል የረጋ አስኳል ካለ ሶሱ እሱ ነው። በማዮኔዙ ፋንታ የሚያስፈልገው ጎምዛዛ ነገር ነው፦ አቼቶ የነካው ሽንኩርት፣ ሰናፍጭ ወይም ቀይ ሥር። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የቆመው በዚህ ሒሳብ ላይ ነው።

ሥጋውና ዳቦው

ለ1 በርገር 150 ግራም የተፈጨ የበሬ ሥጋ ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ የሚደረበው ነገር ጣዕሙ አይለይም፤ ከ120 ግራም ካነሰ ደግሞ እንቁላሉ ይበልጠዋል። ሉካንዳ ቤት ስትሄዱ “ቀዩን ብቻ” አትበሉ። 800 ግራም ቀይ ሥጋ ከ200 ግራም ጮማ ጋር አብሮ ይፈጭ። ጮማ የሌለው የተፈጨ ሥጋ ሲጠበስ እንደ መጋዝ ብናኝ ይፈረፈራል፣ የቱንም ያህል አስኳል ቢፈስበት አይለሰልስም።

ሥጋውን 11 ተኩል ሳንቲ ሜትር ስፋትና 1 ተኩል ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ክብ ጠፍጥፉት። ሲጠበስ ስለሚሰበሰብ 10 ሳንቲ ሜትር ለሚሆነው ዳቦ ልኩ ይመጣል። መሐሉን በአውራ ጣት ትንሽ ጎድጎድ አድርጉት፤ አለበለዚያ መሐሉ እንደ ኳስ ይነፋና እንቁላሉ የሚንሸራተትበት ዳገት ይሆናል። ጨውን ከሥጋው ጋር አታሹት። ታሽቶ የቆየ ጨው ሥጋውን ያጣብቀውና እንደ ቋሊማ ያደርገዋል። መጥበሻ ላይ ከማረፉ በፊት ላዩንና ታቹን ነስንሱበት፤ ለአንዱ ሩብ የሻይ ማንኪያ ትንሽ አለፍ ያለ በቂ ነው። ቋንጣ የሚደረብበት ከሆነ ግማሹን ቀንሱ።

መጥበሻው በደንብ ሲግል ሥጋውን አሳርፉና ሳትነኩት 3 ደቂቃ ከግማሽ፣ ገልብጣችሁም 3 ደቂቃ ገደማ ጥበሱ። በመገልበጫ አትጫኑት፤ የሚጮኸው ድምፅ ጮማው እየወጣ እሳት ሲበላው ነው። መሐሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይገባል። ክትፎ ጥሬውን እንበላ የለም ወይ ለሚል፣ መልሱ ይህ ነው፦ በሙሉ ሥጋ ላይ ተሕዋስያኑ ያሉት ከውጭ ነው፣ ሲፈጭ ግን ከውጭ የነበረው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከተፈጨ በኋላ ሰዓታት የቆየ ሥጋ ደግሞ የባሰ ነው።

ዳቦው ለስላሳ የበርገር ዳቦ ይሁን፣ 70 ግራም አካባቢ። ፉርኖ ለዚህ አይሆንም። ቅርፊቱ ስለሚጠነክር ሲገመጥ መሐል ያለውን ሁሉ ወደ ጎን ይገፋዋል፤ እንቁላል ካለበት ደግሞ አስኳሉ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ዳቦውን ለሁለት ከፍላችሁ የተቆረጠውን ፊት በስሱ ቅቤ ቀቡና ደረቅ መጥበሻ ላይ 45 ሰከንድ ያህል ወርቃማ እስኪሆን አሳርፉት። ይህች የተጠበሰች ገጽ ውኃና አስኳል ቶሎ እንዳይሰርግ ትከላከላለች። ጊዜ ጎደለ ብላችሁ ሌላ ነገር ብትዘሉ እንኳ ይህን አትዝለሉ።

እንቁላሉ

የሚፈለገው ነጩ ሙሉ በሙሉ የረጋ፣ አስኳሉ ደግሞ እንደ ማር የወፈረ እንቁላል ነው። አስኳል ከ65 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ይወፍራል፣ 70ን ሲያልፍ ይረጋል። በመካከሉ ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። እንቁላሉ ግለቱ ባልወጣ ሥጋ ላይ ስለሚቀመጥ ደግሞ ከመጥበሻ ከወጣ በኋላም መብሰሉ ይቀጥላል። ስለዚህ “ትንሽ ቀረው” በሚባልበት ሰዓት ነው የሚወጣው።

የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ትንሽ ነው፣ አስኳሉ ግን ከነጩ አንጻር ትልቅ ነው፤ ለበርገር በጣም ይመቻል። የፈረንጁን የምትጠቀሙ ከሆነ ከ55 እስከ 60 ግራም የሚሆነውን መካከለኛ ምረጡ። ከዚያ የሚበልጠው ከዳቦው ጠርዝ ያልፋል።

1. እንቁላሉን ከፍሪጅ 20 ደቂቃ ቀድማችሁ አውጡ። ቀዝቃዛ ከሆነ ታቹ እስኪያር ላዩ ጥሬ ይሆናል።

2. በትንሽ ሳህን ስበሩት፣ ከዚያ በሻይ ወንፊት ላይ ለግማሽ ደቂቃ አሳርፉት። ቀጭኑ፣ ውኃ የመሰለው ነጭ ይወርዳል፤ ወፍራሙ ነጭ ከአስኳሉ ጋር ይቀራል። መጥበሻ ላይ እንደ ካርታ ተዘርግቶ ጠርዙ የሚቃጠለው ያ ቀጭኑ ነጭ ነው። እንቁላሉ በቆየ ቁጥር ይህ ክፍል ይበዛል፤ ቀኑን የማታውቁት እንቁላል ከሆነ ወንፊቱ ግዴታ ነው።

3. የማይዝ መጥበሻ በመካከለኛ እሳት ላይ ጣዱ። 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ወይም ግማሽ ማንኪያ ዘይትና ግማሽ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጨምሩ። ንጥር ቅቤ ከለጋው የሚሻለው ውኃውና አሬራው ስለወጣለት ቶሎ ስለማይጠቁር ነው። ኮረሪማውና ኮሰረቱም በእንቁላሉ ውስጥ ያልፋል።

4. ክብ እንዲሆን ቀለበት ተጠቀሙ። ላዩና ታቹ የተከፈተ የቱና ጣሳ 8 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ከዳቦው ትንሽ ጠበብ ይላል፤ እሱ ነው የሚፈለገው። የተቆረጠውን ጠርዝ በፋይል ወይም በአሸዋ ወረቀት አለስልሱት፣ ውስጡን ዘይት ቀቡት፣ መጥበሻው ላይ 1 ደቂቃ አግሉት። ያልጋለ ቀለበት እንቁላሉን በሥሩ ያሾልከዋል። ቀለበት ከሌለ እንቁላሉ ግማሽ ሲረጋ ጠርዞቹን በመገልበጫ ወደ ውስጥ እጠፉ፤ መልኩ ባያምርም ሥራውን ይሠራል።

5. እንቁላሉን ቀስ አድርጋችሁ ከቀለበቱ መሐል ጨምሩ። 1 ደቂቃ ጠብቁ። ታቹ ሲረጋ 1 የሻይ ማንኪያ ውኃ ከቀለበቱ ውጭ መጥበሻው ላይ ጠብ አድርጉና ወዲያው ክደኑ። በእንፋሎቱ ከ45 እስከ 60 ሰከንድ ውስጥ ላዩ ነጭ ስስ ሽፋን ያበጃል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንፋሎቱ ቆላ ካለው ቀዝቀዝ ስለሚል 15 ሰከንድ ገደማ ጨምሩለት። አዳማ ወይም ባሕረ ሰላጤው አገር ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ ጭማሪው ይቀንሳል።

6. ክዳኑን ከፍታችሁ መጥበሻውን ነቅነቅ አድርጉ። ነጩ ቀጥ ብሎ አስኳሉ ብቻ እንደ እርጎ ከተወዛወዘ ደርሷል። ነጩም ከተወዛወዘ መልሳችሁ ክደኑ። ጨውና ቁንጥር ሚጥሚጣ የሚነሰነሱት አሁን ነው፣ ነጩ ላይ። ቀድሞ አስኳል ላይ የወረደ ጨው ነጫጭ ነጠብጣብ ይተዋል።

ጃፓን ውስጥ ማክዶናልድ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በየዓመቱ መስከረም አካባቢ የሚያወጣው “ጹኪሚ” በርገር የሚታወቀው በዚሁ ክብ እንቁላል ነው፤ ክቡ ነጭ የመከር ወራት ሙሉ ጨረቃ ምሳሌ ነው። ከመልኩ በላይ ግን ክብ እንቁላል ለአበላል ይጠቅማል፦ በየጉርሻው እኩል ይደርሳል፣ ጠርዙም ከዳቦው ወጥቶ አይንጠለጠልም።

ነፍሰ ጡሮች፣ ትንንሽ ልጆች፣ አረጋውያንና የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ግን አስኳሉ እስኪረጋ የበሰለ ይብሉ። ሳልሞኔላ የሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ በጤነኛ ዶሮ እንቁላል ውስጥም ሊኖር ይችላል፣ ከውጭ ታይቶም አይታወቅም። ለእነዚህ አስኳሉን አድርቆ ከመስጠት የተሻለ መንገድ አለ። የማሌዥያ የጎዳና ላይ በርገር ሻጮች እንቁላሉን ሥጋው ላይ አይደርቡትም፣ ሥጋውን በእንቁላል ይጠቀልሉታል። 1 እንቁላል በቁንጥር ጨው ምቱ። ዘይት በነካው መጥበሻ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል አስፍታችሁ አፍስሱት። ላዩ ገና እርጥብ ሳለ፣ 20 ሰከንድ ገደማ ሲሆነው፣ የተጠበሰውን ሥጋ ከነቺዙ መሐል አስቀምጡና አራቱን ጎን እንደ ፖስታ እጠፉበት። ገልብጣችሁ ለ15 ሰከንድ ተዉት። የሚፈስ ነገር የለውም፣ ሥጋውም አይደርቅም። ልጆች ላሉበት ቤት ከሁሉም የምንመክረው ይህን ነው።

ቋንጣ በቤከን ፋንታ

በምዕራቡ ዓለም እንቁላል ባለበት በርገር ላይ የሚደረበው ቤከን ነው። የእሱ ሥራ ጨው፣ ጭስ ጭስ የሚል ጣዕምና ኩርሽም ማለት ነው። ቋንጣ ከጭሱ በቀር ሁሉንም ይሰጣል፣ በርበሬውን በላዩ ይጨምራል። አሳማ ለማይበላ ቤት ከውጭ ከሚመጣ የታሸገ ምትክ በጣም ይሻላል።

ስሕተቱ ቋንጣውን እንዳለ ዘይት ውስጥ መክተት ነው። ወፍራም ቋንጣ ውጩ ሲጠቁር ውስጡ እንጨት እንደሆነ ይቀራል፤ አንዴ ሲገመጥም ሳይቆረጥ ሙሉው ተስቦ ይወጣና በርገሩን ያፈርሰዋል። ለ1 በርገር 15 ግራም ቋንጣ ወስዳችሁ ጣት በማይሞላ ርዝመት ስበሩት፣ ሙቀጫ ውስጥ ጭረት ጭረት እስኪሆን ውቀጡት። በወንፊት ነፍታችሁ የረገፈውን በርበሬ ለዩት፤ እሱ ዘይት ውስጥ ከገባ ወዲያው አሮ ሁሉንም ያመርረዋል። የተለየውን በርበሬ አትጣሉት፣ ለሽንኩርቱ ይሆናል።

በትንሽ መጥበሻ 1 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ዘይት አግሉ። አንድ ጭረት ጣል ሲደረግበት ቶሎ ካረፋ ደርሷል፤ ከጨሰ አልፏል፣ ከእሳት አውርዱና ጠብቁ። ጭረቶቹን በብረት ወንፊት አድርጋችሁ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ንከሩና ወረቀት ላይ ገልብጡ። ሲወጣ ለስለስ ያለ ቢመስልም 1 ደቂቃ ሲቆይ ኩርሽም ይላል። እንደደረቀ እንዲቆይ ከእንፋሎት ይራቅ፤ በርገሩ ላይ የሚነሰነሰው መጨረሻ፣ ዳቦው ሊገጠም ሲል ነው።

ሽንኩርት፦ የተቁላላ ወይስ የተጨፈለቀ

ሽንኩርት ማቁላላት ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ሥራ አይደለም። 500 ግራም ቀይ ሽንኩርት በስሱ በረዥሙ ቁረጡ። እንደ ወጥ አታድቅቁት፤ የደቀቀ ሽንኩርት ወጥ ይሆናል፣ ከዳቦውም ያመልጣል። መጀመሪያ ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት 10 ደቂቃ አቁላሉት፣ ሲይዝ በሾርባ ማንኪያ ውኃ ጠብ አድርጉ። ከዚያ 2 የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጨምሩና እሳቱን ቀንሳችሁ ሌላ 30 ደቂቃ፣ በየ3 ደቂቃው እያማሰላችሁ፣ ቡና ዓይነት እስኪሆን ቆዩበት። ሲወርድ 1 የሻይ ማንኪያ አቼቶና ከቋንጣው የተረፈችውን በርበሬ ጨምሩ። ከ500 ግራሙ የሚቀረው 150 ግራም አካባቢ ነው፣ ለ4 በርገር ይበቃል። አቼቶው እንዳይቀር። ሽንኩርቱ ለብቻው ጣፋጭ ነው፤ ጣፋጭና አስኳል ብቻ አብረው ሲሆኑ ከሦስተኛው ጉርሻ በኋላ ያሰለቻል።

40 ደቂቃ ለሌለው ሰው የአሜሪካዋ ኦክላሆማ ግዛት መንገድ አለ። ኤል ሬኖ በምትባል ከተማ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጀመረ ነው፤ ሥጋ ውድ፣ ሽንኩርት ርካሽ በነበረበት ዘመን ሥጋውን ለማብዛት ይጨምሩት ነበር። 75 ግራም ሥጋ አድቦልቡላችሁ በጋለ ብረት መጥበሻ ላይ አስቀምጡ፣ ወረቀት የሚያህል ስስ የተቆረጠ 60 ግራም ሽንኩርት ክምር አድርጉበት፣ ከዚያ በመገልበጫ እስኪሳሳ ድረስ በኃይል ጨፍልቁት። እዚህ ላይ መጫን ይፈቀዳል፤ ሥጋው ገና ጥሬ ስለሆነ ጮማው አልቀለጠም። 2 ደቂቃ ቆይታችሁ ገልብጡት፤ ሽንኩርቱ ከሥር ሆኖ በሥጋው ጮማ ይጠበሳል። ቺዝ ጣል አድርጉበትና የላይኛውን ዳቦ ደፍታችሁ በእንፋሎቱ አሙቁት። ለእንቁላል በርገር ሁለቱን ስስ ሥጋ ደራርቦ ከላይ 1 እንቁላል ማድረግ ነው።

ቺዝና አይብ

የሚቀልጥ ቺዝ እዚህ ከጣዕሙ በላይ ሙጫ ነው። ሥጋው ከመጥበሻ ሊወጣ 1 ደቂቃ ሲቀረው 1 ቁራጭ ቺዝ ጣሉበት፣ ክደኑት። እንቁላሉን የሚይዘው ይህ የቀለጠ ቺዝ ነው፤ እንቁላል በቀጥታ ቅባት በነካው ሥጋ ላይ ከተቀመጠ ይንሸራተታል። ሞዛሬላ ይሳባል፣ ፕሮቮሎኔ የበለጠ ጣዕም አለው፣ በፕላስቲክ የታሸገው ቁራጭ ቺዝ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያጣብቃል።

አይብ ግን አይቀልጥም፣ ስንት ደቂቃ ብትጠብቁትም። ከአሬራ ተሞቆ በኮምጣጣነቱ የሚረጋ ስለሆነ እሳት ሲያገኘው ውኃውን ይጥላል እንጂ አይፈስም። ስለዚህ እንደ ቺዝ ሳይሆን እንደ ቀዝቃዛ ሶስ ያዙት። ለ1 በርገር 40 ግራም አይብ በንጹሕ ጨርቅ አንጠልጥላችሁ 1 ሰዓት አጥልሉ። ውኃው ካልወጣ የታችኛው ዳቦ ያልቅለታል። ከዚያ በደቃቁ የተከተፈ ግማሽ ቃሪያ፣ ቁንጥር ሚጥሚጣና 1 የሻይ ማንኪያ የቀለጠ ንጥር ቅቤ ጨምራችሁ አዋሕዱት። የማዮኔዝን ቦታ ይይዛል፤ ኮምጠጥ ማለቱ ከአስኳሉ ጋር በደንብ ይሄዳል። ፍሪጅ ካለ 2 ቀን ይቆያል፣ ቃሪያው ግን በየቀኑ አዲስ ይጨመርበት።

ቀይ ሥርና አናናስ

አውስትራሊያ ውስጥ “ሁሉ ያለበት” በርገር ሲታዘዝ እንቁላል፣ ቀይ ሥርና ብዙ ጊዜ አናናስ አብረው ይመጣሉ። ኒውዚላንድ ውስጥም ማክዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው “ኪዊበርገር” እንቁላልና ቀይ ሥር አለበት። ለሰሚው ግራ የሚያጋባ ቢመስልም አቼቶ የጠጣ ቀይ ሥር የአስኳልን ቅባት እንደ እሱ የሚያቀል ነገር ጥቂት ነው። ጎን ለጎን በሰላጣ ስንበላው የኖርነውን ወደ ዳቦው ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው።

መካከለኛ ቀይ ሥር ከነልጣጩና ከነጭራው ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቀቅሉ። ቀድማችሁ ከላጣችሁት ቀለሙና ጣዕሙ ውኃው ውስጥ ይቀራል። ሲበርድ ልጣጩ በእጅ ይወርዳል። በ4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ክብ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ። ግማሽ ስኒ አቼቶ፣ ግማሽ ስኒ ውኃ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው አፍልታችሁ በላዩ አፍስሱ፤ ካልሸፈነው በዚሁ ልክ ደግማችሁ አፍሉ። ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ለ1 በርገር 2 ቁራጭ ይበቃል። ከመደረቡ በፊት በወረቀት ሁለቱንም ፊት አድርቁት፤ ካልደረቀ ዳቦውም እንቁላሉም ሐምራዊ ይሆናሉ።

አናናሱ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ በጋለ ደረቅ መጥበሻ በየፊቱ 2 ደቂቃ ይጠበስ። ጥሬውን አታስገቡት፣ ሥጋ የሚያሟሟ ኢንዛይም አለበት፤ ጥቂት ሲቆይ የሥጋውን ላይ ያላሽቀዋል። እሳት ያንን ያጠፋዋል።

የኦቾሎኒ ቅቤና ቅልጥም

በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ውስጥ ሴዳሊያ በምትባል ከተማ በርገር ላይ የኦቾሎኒ ቅቤ መቀባት የቆየ ልማድ ነው። በ1 የሾርባ ማንኪያ መወሰን ግድ ነው፣ ስኳር የሌለውም ይሁን። ትኩስ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ይቀልጥና ይሰርጋል። ከእንቁላል ጋር ግን አታድርጉት። ሁለቱም አፍ ውስጥ የሚለጠፉ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። የኦቾሎኒ ቅቤ ወዳጁ ቋንጣ፣ ሰናፍጭና ጥሬ ቃሪያ ነው። እንግዳ ካለ ኦቾሎኒ ይስማማው እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለአንዳንድ ሰው ጥቂቱም ለሕይወት አደገኛ ነው።

ቅልጥም ለሚወድ ደግሞ በረዥሙ የተሰነጠቀ አጥንት 220 ዲግሪ በሞቀ ምድጃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጥበሱ፣ መቅኔውን በማንኪያ አውጥታችሁ በቁንጥር ጨውና በጥቂት ሎሚ መቱት፣ ለዳቦው በሚቀባው ቅቤ ፋንታ ተጠቀሙበት። ከቆየ አልፎ ይቀልጥና ትሪው ላይ ዘይት ሆኖ ይቀራል። ይህን ስትጠቀሙ ቺዙን ተዉት።

ስንት ነገር ይደረብ

ከሥጋው ሌላ አራት ይበቃል፦ አንድ የሚቀልጥ፣ አንድ ቅባት ያለው፣ አንድ ጎምዛዛ፣ አንድ ኩርሽም የሚል። እኛ ከሁሉ የምናስቀድመው ቺዝ፣ እንቁላል፣ አቼቶ የጠጣ ቀይ ሥርና ቋንጣ ነው። ሁለተኛው የተጣራ አይብ፣ እንቁላል፣ የተቁላላ ሽንኩርትና ቋንጣ። አቮካዶን ከእንቁላል ጋር ብዙ ቤቶች ያደርጉታል፣ ነገር ግን ሁለቱም ለስላሳና ቅባታም ስለሆኑ ቢያንስ ሰናፍጭ ወይም ሎሚ ካልገባበት አፍ ላይ ይከብዳል። ቲማቲም የምትወዱ ከሆነ 1 ቁራጭ ብቻ፣ ጨው ነስንሳችሁ 5 ደቂቃ ወረቀት ላይ አቆይታችሁ ውኃውን ካስወጣችሁ በኋላ።

ጊዜው እንዲገጥም፣ ለ4 ሰው፦ ቀይ ሥሩ ከትናንት ይደር። ሽንኩርቱ ከ1 ሰዓት በፊት ይጀመር። ቋንጣው 20 ደቂቃ ሲቀር ይጠበስ። ከዚያ ዳቦው፣ ከዳቦው በኋላ ሥጋው። ሥጋው ሲገለበጥ እንቁላሎቹ በሌላ መጥበሻ ይግቡ፤ ሁለቱም በ3 ደቂቃ ውስጥ እኩል ይደርሳሉ። አንድ መጥበሻ ብቻ ካለ ሥጋው ይቅደም። ከቺዙ ጋር ተከድኖ 4 ደቂቃ ቢያርፍ ውኃው ወደ ውስጡ ይመለሳል፣ እንቁላል ግን መጠበቅ አይወድም።

አደራረቡ ከታች ወደ ላይ ይህ ነው፦

የታችኛው ዳቦ፣ በላዩ ስስ ሰናፍጭ ወይም አይቡ። ቀጥሎ ደረቅ የሰላጣ ቅጠል፣ የሥጋው ውኃ ዳቦው ላይ እንዳይወርድ ጣሪያ ይሆናል። ቀይ ሥሩ ወይም ሽንኩርቱ ቅጠሉ ላይ። ከዚያ ሥጋው ከቀለጠው ቺዝ ጋር። እንቁላሉ ቺዙ ላይ። ቋንጣው በእንቁላሉ ዙሪያ፣ ነጩ ላይ፤ አስኳሉ ላይ ከሆነ ርሶ ይለሰልሳል። የላይኛው ዳቦ፣ ሶስ ሳይነካው።

ቀይ ሥርን ከሥጋው በላይ፣ ከእንቁላሉ በታች የሚያደርጉ አሉ። ያ ነው እንቁላሉ ተንሸራቶ የሚወድቅበት ምክንያት፦ እርጥብና ለስላሳ የሆኑ ሁለት ነገሮች ሲነባበሩ የሚይዛቸው የለም። ክምሩ ከ8 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ረዥም የጥርስ እንጨት መሐሉን ሳይሆን ከአስኳሉ ጎን ሰክታችሁ አቁሙት።

አቀራረቡ ላይ ሁለት ነገር አለ። በርገሩን በቢላ ለሁለት አትክፈሉት፤ አስኳሉ በሙሉ ሳህኑ ላይ ይቀራል። ግማሹን በቅባት ወረቀት ጠቅልላችሁ ታቹን አጥፉት፣ 1 ደቂቃ ይረፍ፣ የላይኛውን ዳቦ በመዳፍ ቀስ አድርጎ ጫን ማለት ነው። አስኳሉ ይሰነጠቅና ወደ ቺዙና ወደ ዳቦው ይሰርጋል፣ ጉርሻው ከዚያ ይጀመራል።

ተይዞ የሚሄድ ከሆነ ነገሩ ይለያል። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ እንፋሎቱ መውጫ ስለሌለው አስኳሉ መንገድ ላይ ይረጋል፣ ቋንጣው ይለሰልሳል፣ ዳቦው ይርሳል። የማሌዥያውን ጥቅልል አድርጉለት፣ ሣጥኑ ላይ ሁለት ቀዳዳ ብሱ፣ ቋንጣውንና ቀይ ሥሩን በየብቻቸው በትንንሽ ዕቃ ላኩ። ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ የቆየ የእንቁላል በርገር፣ ቆላ አገር ከሆነ ከ1 ሰዓት በላይ የቆየ፣ ቢሞቅም አይበላ።